የቱን ክሬም?

ጤፍ ሲገዛ የማይታለል ዓይን ግድግዳ ሲያስቀባ ለምን ይታለላል?

የምጠይቀው ስለ ሮብ ገበያ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ያለችው ይህች የስናን ወረዳ መቀመጫ ስሟን ያገኘችው ከረቡዕ ገበያዋ ነው። ረቡዕ ረፋዱ ላይ እህል ተራ ገብቶ ጥቂት የቆመ ሰው የምለው ይገባዋል። ጤፍ የምትገዛ ሴት ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አታምንም፤ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ከመሀል ትዘግናለች። መዳፏ ላይ በስሱ ትዘረጋዋለች። ጥላ ውስጥ ከሆነች ወደ ፀሐይ ትወጣለች። እፍ ብላ ገለባውን ታስወግድና ከሌላ ጆንያ የዘገነችውን በግራ እጇ ይዛ ሁለቱን ጎን ለጎን ታያለች። «እታለም፣ ይኼ እኮ ማኛ አይደለም፤ ነጭ ነው» ትላለች። ሻጯ ትምላለች፣ ገዢዋ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ዋጋው ይወርዳል። በማኛና በነጭ ጤፍ መካከል ያለው የቀለም ልዩነት ምን ያህል ነው? እህል የማያውቅ እንግዳ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ቢያሳዩት አንድ ናቸው ብሎ ይሄዳል። እሷ ግን ልዩነቱን ታየዋለች፤ ገንዘብም ትከፍልበታለች።

እዚያው ከተማ ውስጥ ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር እንግባ። ቤቱን ገርፎ፣ ለስኖ፣ ስቱኮ አስመትቶ የጨረሰ አባወራ ቀለም ሊገዛ መጥቷል። «ክሬም ስጠኝ» ይላል። «የቱን ክሬም ልስጥዎ፣ አያ?» ይለዋል ባለ ሱቁ፤ ካርዱንም ይዘረጋለታል። ካርዱ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ያልበለጡ ፈዛዛ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሮዝ፣ ሌላው በጣም በጥቂቱ ወደ አረንጓዴ፣ ሌላው ወደ አመድ ያደላል። ሱቁ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ቀን በቀን ነጭ አምፖል በርቶበታል። አባወራው ጣቱን አንዱ ላይ ያሳርፋል፤ «ይኼ ይሁን»። አለቀ። ለሁለት ኩንታል ጤፍ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው፣ ልጆቹ ተወልደው የሚያድጉበትን ቤት የግድግዳ ቀለም ሻይ እስኪቀርብ ባለው ጊዜ ወሰነ። ጤፉን ወደ ፀሐይ ይዞ የወጣው ቤተሰብ ካርዱን ለምን ወደ ፀሐይ ይዞ አልወጣም?

«ክሬም ያው ክሬም ነው፤ ምን ያህል ይለያያል?» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ይህን ለሚል ሰው የቁንጮን ታሪክ ላስታውሰው። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከለቀቃቸው የጤፍ ዝርያዎች አንዱ ዲዜድ-01-974 ነበር። ምርቱ ጥሩ ነው፤ ፍሬው ግን ገበያው የሚፈልገውን ያህል አልነጣም። ማኛ የሚባለው ዲዜድ-01-196 ደግሞ ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን አነስተኛ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቀሏቸው። በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለው ዝርያ ወጣ፤ ከዚያም በአገሪቱ በስፋት ተዘራ። አንድ የምርምር ማዕከል ለዓመታት የደከመው በነጭና በትንሽ ደብዛዛ ነጭ መካከል ስላለው ልዩነት ጭምር ነው ማለት ነው። ገበሬውና ገበያተኛዋ ይህን ልዩነት ባያዩና ባይከፍሉበት ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ምን ያደርግ ነበር? ይህን ያህል ክብደት ያለው ልዩነት ግድግዳ ላይ ሲደርስ ከየት መጥቶ ነው ከንቱ የሚሆነው?

ቅቤ ተራም ያው ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ላሞቹ ለምለም ሣር ሲግጡ፣ ለጋ ቅቤ ወደ ቢጫ ያደላል፤ በሣሩ ውስጥ ያለው ካሮቲን በወተቱ አልፎ ይመጣል። በጋ ላይ ገለባና ድርቆሽ ሲበሉ ቅቤው ይነጣል። ስለዚህ በመጋቢት መጨረሻ ደማቅ ቢጫ ቅቤ ይዞ የመጣን ሻጭ አዋቂ ገዢ በጥርጣሬ ያየዋል፤ ምን ተደባለቀበት ብሎ ያሸታል፣ በጣቱ አሽቶ ይቀምሳል። ቀለሙን ከወሩ ጋር አስተያይቶ የሚፈርድ ዓይን ነው ይህ። ታዲያ ይኸው ዓይን፣ ቀለም የሚታየው ከወሩና ከብርሃኑ ጋር መሆኑን ስለ ቅቤ እያወቀ ስለ ቤቱ ለምን ይረሳል?

ወደ ኋላ ሄደንም እንይ። ብራና ሁለት ገጽ አለው፤ ጠጉር የነበረበት ገጽ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሥጋ የነበረበት ነጣ ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሁለቱም ፈዛዛ፣ ሁለቱም ሞቅ ያሉ ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ወርቅን የመሰሉ ጥንታውያን ደብሮች ባሉበት በዚህ በምሥራቅ ጎጃም ብራና ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥራዝ የሚያደራጅ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የጠጉር ገጽ ከጠጉር ገጽ፣ የሥጋ ገጽ ከሥጋ ገጽ ፊት ለፊት እንዲውል አድርጎ ያጥፋል። መጽሐፉ ሲከፈት ግራና ቀኙ አንድ መልክ ይኖረዋል፤ አንባቢው ምክንያቱን ሳያውቅ ዓይኑ ያርፋል። ባለሙያው «ይህ ገጽ ለብቻው ያምራል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው «ከማን ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል?» ብሎ ነው።

የሮብ ገበያ ቀለም ገዢ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው። ክሬሙ ከማን ጋር ይቀመጣል? በላዩ ቆርቆሮ አለ፤ አዲስ ሲሆን ሰማያዊ የሚመታ ብርማ፣ ሲያረጅ ዝገታማ ቡናማ። መስኮቱ ነጭ የተቀባ ብረት ወይም አሉሚኒየም ነው። በሩ ፊት ያለው አፈር ነው፤ ጎን ያለው የጎረቤት ግድግዳ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሸቭረል ጎበሊን በሚባለው የፓሪስ የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ ጥቁሩ ክር ደከመ የሚል ቅሬታ ቀረበለት። መርምሮ ያገኘው ጥፋቱ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከጥቁሩ አጠገብ ከተሸመኑት ቀለሞች መሆኑን ነው፤ በ1839 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትልቅ መጽሐፉም ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርስ መልካቸውን እንደሚለዋውጡ ያስረዳል። ይህ ሕግ የሚበረታው ደግሞ ፈዛዛ ቀለም ላይ ነው። ደማቅ ቀይ ማንም አጠገቡ ቢቆም ቀይ ነው። ክሬም ግን ከንጹሕ ነጭ መስኮት አጠገብ ሲውል የቆሸሸ ይመስላል፤ ከሰማያዊ ቆርቆሮ ሥር ሲውል ቢጫነቱ ይጎላል፤ ከቀይ አፈር በላይ ሲቆም አረንጓዴ የሚመታ መልኩ ይወጣል። ካርዱ ላይ ግን እያንዳንዱ አራት ማዕዘን በነጭ ወረቀት ተከብቦ ነው የሚታየው። በነጭ ወረቀት የተከበበ ቤት ሮብ ገበያ ውስጥ ማን ነው ያለው?

ስለ ብርሃኑ ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚያ ነውና። ከውጭ የሚመጡ የቀለም ካታሎጎችና የቤት ማስዋብ ምክሮች ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግማሉ፤ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ብርሃን ስላለው ሞቅ ያለ ክሬም ይቀባ፣ ወደ ደቡብ የሚያየው ፀሐይ ስለሚጠግብ ቀዝቀዝ ያለው ይበቃዋል ይላሉ። ምክሩ ለማን የተጻፈ ነው? ለንደን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 51 ዲግሪ ላይ ናት፤ እዚያ የሰሜን ግድግዳ የቀትር ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ግን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ገደማና በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ። በመካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ከሰሜን በኩል ነው የምትመጣው፤ የሰሜኑን ግድግዳ የምትመታው ያኔ ነው፤ ከሰኔ ወዲያ ደግሞ በደመና ተሸፍና ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የደቡቡ ግድግዳ በጥርት ሰማይ ሥር ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል። ስለዚህ አንዱ ክሬም በአንድ ቤት ላይ በዓመት ሁለት መልክ ይኖረዋል፤ አንዱ የክረምት፣ አንዱ የበጋ። «ወደ ሰሜን የሚያይ» የሚለውን ምክር ከስልኩ አንብቦ ሳሎኑን ለሚያስቀባ የሮብ ገበያ ሰው ይህን ማን ነገረው? ለጎጃም ደጋ የተጻፈ የቀለም ምክርስ የት አለ?

ከፍታው ሌላ ነገር ይጨምራል። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ ርካሽ ኦርጋኒክ ቢጫ የተጨመረበት ክሬም ቶሎ ይነጥፋል፤ ውስጡ ትንሽ ቀይ ካለበት ቢጫው ሲሄድ ሮዝ ይቀራል። «ክሬም ቀብቼ ሮዝ ሆነብኝ» የሚለው እሮሮ የሚመጣው አንዳንዴ ከዚህ ነው። ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ ቢጫ ግን አይነጥፍም፤ ቢጫ አፈርን ቢጫ የሚያደርገው ይኸው ማዕድን ነውና። ሁለቱ ጣሳ ውስጥ እያሉ በዓይን አይለዩም። ገዢ «ቢጫው ከምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል? ባለ ሱቁስ ቢጠየቅ የሚመልሰው አለው?

ሌላው የጥድፊያ ነገር ነው። የሲሚንቶ ልስን ሳይደርቅ አልካሊው ኃይለኛ ነው፤ ቀለሙን ያቃጥለዋል፤ ቢያንስ አራት ሳምንት እንዲቆይ የሚመከረው ለዚህ ነው። ለጥር ሠርግ፣ ለፋሲካ፣ ለቤት ምርቃት ሲባል በሁለት ሳምንት የተቀባ ክሬም ከወራት በኋላ እንደ ካርታ ደሴት ደሴት ሲሠራ ቀቢው ይወቀሳል። የቸኮለው ማን ነበር?

«ሰው በኑሮ ውድነት እየተቸገረ ስለ ክሬም ዓይነት ይጨነቅ?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ከልብ የሚነገር ነው። መልሴ ግን ተቃራኒው ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ቀለሙ ካልጣመው በሚቀጥለው ዓመት ያስቀባዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሊያስቀባ የሚችለው ሰው ነው ስሕተት የማይችለው። ለእሱ ሲባል ነው ምርጫው በጥንቃቄ መሆን ያለበት። ከዚያም በላይ አለ። መብራት በማይገባበት ወይም በሚጠፋበት የገጠር መማሪያ ክፍል የግድግዳው ቀለም የብርሃን ምንጭ ነው። ነጣ ያለ ክሬም ካረፈበት ብርሃን ከ70 በመቶ በላይ ይመልሳል፤ አንድ ሁለት ደረጃ የጠቆረው ቤዥ ወደ 50 እስከ 60 በመቶ ይወርዳል። ካርዱ ላይ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። በክረምት ደመና፣ ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ልጅ ግን ልዩነቱ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብና አለማንበብ ሊሆን ይችላል። ክፍሉን ያስቀባው ኮሚቴ ይህን አስቦ ነበር?

ጤና ጣቢያም እንግባ። የጨቅላ ሕፃን ቢጫነት በደህና ብርሃን፣ ቢቻል በተፈጥሮ ብርሃን እንዲታይ የሕክምና መመሪያዎች ይመክራሉ። የክፍሉ አራት ግድግዳዎች ወደ ቢጫ ያደላ ክሬም ከሆኑ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን እነሱ ላይ ነጥሮ ነው ሕፃኑ ቆዳ ላይ የሚያርፈው። ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ክሬም ግድግዳዎች ብርሃኑን እየተቀባበሉ ቢጫነታቸውን ያጎላሉ፤ ለዚህም ነው ክፍሉ ካርዱ ላይ ከታየው ይልቅ ሁልጊዜ የከረረ የሚመስለው። ነርሷ ያየችው ቢጫነት የሕፃኑ ነው ወይስ የግድግዳው? እዚህ ላይ ቀለም መምረጥ የጌጥ ጉዳይ ነው የሚል ካለ መልሱን ለእናቲቱ ይንገራት።

ከዚያ ደግሞ አምፖሉ አለ። ከሱቅ የምንገዛው ኤልኢዲ በብዛት ነጩ ነው፤ 6,500 ኬልቪን የሚባለው፣ ሰማያዊ የሚመታው። ቢጫው፣ 2,700 ኬልቪን ገደማ ያለው፣ የድሮውን አምፖል ይመስላል። ሁለት ክሬሞች በቀን ብርሃን አንድ መስለው ማታ በአምፖል ሊለያዩ ይችላሉ፤ በአንዱ ብርሃን መንታ የሆኑ በሌላው ብርሃን ባዕድ ይሆናሉ። የሳሎን ግድግዳ የሚታየው መቼ ነው? ገበሬው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ ቀን ውጭ ይውላል፤ ቤቱን የሚያየው ማታ ነው። ታዲያ የሳሎን ቀለም ማታ፣ በቤቱ አምፖል ሥር ሳይታይ ለምን ይገዛል?

አሁን ደግሞ አዲስ ልማድ መጥቷል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያየውን ሕንፃ በስልኩ ያነሣዋል፤ በቴሌግራም ለቀቢው ይልካል፤ «እንዲህ አርግልኝ» ይላል። የስልክ ካሜራ ነጭ ነው ብሎ የገመተውን መነሻ አድርጎ ሌላውን ቀለም ሁሉ ያስተካክላል። ደመና ሲሆን ያሞቀዋል፣ ፀሐይ ሲበዛ ያቀዘቅዘዋል። የተላከለት ቀቢ የስልኩን መስታወት አደብዝዞ ወይም አድምቆ ያየዋል። ክሬሙ በመንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለውጦ ይደርሳል። በዚህ ያልተሳሳተ የለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ካርል ግሌዝብሩክና አይቫን ባልድሪ ከ200,000 በላይ ጋላክሲዎችን ብርሃን ደምረው የጽንፈ ዓለሙን አማካይ ቀለም አሰሉ፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ሰማያዊ ነው ብለውም አሳወቁ። ብዙም ሳይቆይ እርማት መጣ፤ ሶፍትዌራቸው የነጭን መነሻ ስቶ ነበር። መነሻው ሲስተካከል ቀለሙ ሌላ ሆነ፤ ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ክሬም። የነጭ መነሻ ስለተሳተ ብቻ የጽንፈ ዓለሙ ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ክሬም ከተዛወረ፣ በቴሌግራም የተላከ የአንድ ሕንፃ ፎቶ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?

የሚመረጠው ቀለም ስሙ ራሱ መያዣ የለውም። ጀርመኖች በ1927 እ.ኤ.አ. ራል በሚል መጠሪያ 40 ቀለሞችን በቁጥር መዘገቡ፤ ዛሬ እኛ «ክሬም» ብለን የምንጠራው በዚያ መዝገብ ቢያንስ አራት ቦታ ይወድቃል፤ 1013፣ 1014፣ 1015፣ 9001። አራቱም ፈዛዛ፣ አራቱም ሞቅ ያሉ፣ አራቱም የተለያዩ። ምዕራብ ጀርመን በ1971 እ.ኤ.አ. ታክሲዎቿ ሁሉ ከጥቁር ወደ ቀላል የዝሆን ጥርስ ቀለም እንዲለወጡ ስታዝ ያዘዘችው በቁጥር ነው፤ 1015። ከቁጥሩ በስተ ኋላም ምክንያት ነበረው፤ ጥቁር መኪና በፀሐይ ይግላል፣ ማታም አይታይም። ዓመታት አልፈው አንዳንድ የጀርመን ክልሎች ግዴታውን አነሡት፤ ያም በምክንያት ተከራክረው ነው። እኛ ዘንድ የሚቀባው ሰው ባልዲው ውስጥ ነጭ ቀለም አፍስሶ ማቅለሚያ ከጠርሙስ እያንጠባጠበ ያማስላል፤ በልምዱ ይለካል፤ ልምዱም ብዙ ጊዜ የሚደነቅ ነው። ግን ሁለተኛው ባልዲ ሲያልቅ ሦስተኛው ከየት ይመጣል? ስንት ጠብታ ቢጫ፣ ስንት ጠብታ ቀይ እንደገባ በክዳኑ ላይ ለምን አይጻፍም? ከአምስት ዓመት በኋላ ግድግዳው ተፈልቅቆ ሲጠገን፣ ያኔ የተቀባውን ክሬም ማን ያስታውሳል? ጥገናው እንደ ቁርበት መጣፊያ ሆኖ የቀረባቸውን ቤቶች በየመንገዱ እያየን ነው።

በትእዛዝ ስለሚመጣው ቀለምም ዝም ማለት አይቻልም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተሠራባቸው መንገዶች ዳር ብዙ ሕንፃዎች ግራጫ ተቀብተዋል። የኮሪደር ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም እየተዛመተ ነው። አንድ ከተማ መልኩን ማስተካከሉን አልቃወምም፤ የተዘበራረቀ የማስታወቂያ ሰሌዳና የተላላጠ ግድግዳ የሚያስደስተው የለም። ጥያቄዬ ስለ አመራረጡ ነው። ወደ ደጋ ጎጃም ቀለም በትእዛዝ ሲመጣ መነሻው ምን ይሆናል? እዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ራሱ ግራጫ ነው፤ ደብረ ማርቆስ በዓመት የምታገኘው 1,300 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በአብዛኛው የሚወርደው በእነዚህ ወራት ነው። ግራጫ ግድግዳ በግራጫ ሰማይ ሥር ክረምቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ምን ይሰጠዋል? ክሬም ይሁን ቢባልስ የትኛው ክሬም፣ በየትኛው ቁጥር፣ በምን ምክንያት? ትእዛዙን የሚጽፈው ሰው ነሐሴ ላይ እዚህ መጥቶ ያያል? ወይስ በስልክ የተላከ ፎቶ ያይና ይፈርማል?

የአፈሩም ነገር አለ። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ቀይ አፈር ሰፊ ነው፤ ወደ ጮቄ ሲወጡ ይጠቁራል። የክረምት ዝናብ ከጣሪያ ወርዶ መሬቱን ሲመታ ጭቃውን እስከ ጉልበት ከፍታ ግድግዳው ላይ ይረጨዋል። ለዚህ ነው የግድግዳው ግርጌ፣ ዞኮሎው፣ ጠቆር ብሎ የሚቀባው። ግን ብዙ ጊዜ ዞኮሎው ከካታሎግ የተመረጠ ጥቁር ቡናማ ነው፤ በላዩ ያለው ክሬም ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ቀይ ርጭቱ ሁለቱም ላይ ያስጠላል። ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ ከበሩ ፊት አንድ ዝግን አፈር ቢያነሣ፣ ከካርዱ ክሬሞች ጎን ቢያደርገው፣ የትኛው ከአፈሩ ጋር እንደሚስማማ ዓይኑ ወዲያው አይነግረውም ነበር? ጤፍ የምትገዛዋ ሴት የምታደርገው ይህንኑ አይደለም?

ቀቢዎችን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ብዙዎቹ በካሬ ሜትር ነው የሚከፈላቸው። ናሙና ቀብተው፣ ጠዋትና ቀትር አይተው፣ ማታ አምፖል አብርተው ቢመርጡ የዚያን ቀን ደመወዝ የሚሰጣቸው የለም። ጥሩ ናሙና ማለት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል፣ ሁለት ጊዜ የተቀባ፣ በሚቀባው ግድግዳ ላይ ራሱ፣ ከመስኮቱ አጠገብ አንድ፣ ከጥጉ ጨለማ አንድ ማለት ነው። የቀለሙ ዋጋ ከአንድ ጣሳ አይበልጥም፤ የቀቢው ጊዜ ግን ዋጋ አለው። ውል ሲዋዋሉ «የናሙና ቀን» ተብሎ ለምን አይገባም? ግንበኛው ውኃ ልክ ይዞ ሲለካ የሚከፈለው እንደ ሥራ ተቆጥሮ ነው፤ ዓይን የሚለካበት ቀን ለምን እንደ ሥራ አይቆጠርም?

የሮብ ገበያ ማዘጋጃ ቤት ሊሠራው የሚችል ነገር አለ። ከገበያው ዳር፣ ወደ አራቱም ማዕዘን የሚያይ ዝቅ ያለ ግድግዳ ይሠራ፤ ቆርቆሮ ይልበስ፣ ሥሩ አፈር ይሁን። አምስት ክሬሞች፣ ቁጥራቸውና ማቅለሚያቸው ተጽፎ፣ በአራቱም ገጽ ይቀቡ። አንድ ዓመት ይቆዩ፤ በጋውን ፀሐይ ይምታቸው፣ ክረምቱን ጭቃ ይርጫቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከየቀበሌው የሚመጣው ሕዝብ እያለፈ ያያቸዋል፤ የትኛው እንደነጠፈ፣ የትኛው ሮዝ እንደሆነ፣ የትኛው ቆሻሻውን እንደቻለ ማንም ሳያስተምረው ይፈርዳል፤ የመፍረድ ችሎታውን እህል ተራ ላይ አይተነዋል። የሚያስፈልገው ጥቂት ብሎኬት፣ አምስት ጣሳ ቀለምና አንድ ክረምት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን ይሰጣል? መደብሮቹ ቀለሙን ያዋጣሉ? ቀቢዎቹስ በየወሩ እየወጡ ያዩትን ለመጻፍ ይስማማሉ?